ያልጻፍነውን ሕጉ ይጽፍልናል፦ ስለ ድሮን ቀረጻ ውል



ድሮን አስነሥቶ ሠርግ፣ ሕንፃ፣ እርሻ ወይም በዓል በክፍያ መቅረጽ በከተሞቻችን የዕለት እንጀራ ሆኗል። ሥራው እንዴት እንደሚጀመር ሁላችንም እናውቀዋለን። የሙሽራው ወንድም ወይም አንዱ ሚዜ ለካሜራማኑ ይደውላል፤ «ድሮንም አለህ?» ይለዋል፤ «አለኝ» ይለዋል፤ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ቀኑን ይቆርጣሉ፣ ቀብድ በባንክ ወይም በቴሌብር ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚገናኙት በሠርጉ ጠዋት ነው። በዚህ ንግግር የተነሡት ጉዳዮች ሦስት ናቸው፦ ዋጋ፣ ቀንና ቀብድ። ያልተነሡት ግን ብዙ ናቸው። ነፋሱ ቢበረታስ? ፈቃድ ቢከለከልስ? ድሮኑ ወድቆ እንግዳ ቢመታስ? የተቀረጸው ምስል የማን ነው? ካሜራማኑ በቲክቶክ ገጹ ሊለጥፈው ይችላል? አዳራሹስ ለራሱ ማስታወቂያ ሊያውለው ይችላል? ስለነዚህ አንድም ቃል ሳይወጣ «ተስማማን» ተብሎ ስልኩ ይዘጋል።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሁለት ሰዎች ያልተነጋገሩበት ጉዳይ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ሕጉ አስቀድሞ መልስ አዘጋጅቶለታል። አንዱ ወይም ሌላው ወገን በልቡ ይዞት የቆየው ግምት ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ መልስ ጋር አይገጥምም። ካሜራማኑ «የቀረጽሁት እኔ ስለሆንሁ ምስሉ የኔ ነው» ብሎ ያስባል፤ ሙሽሮቹ «ዝናብ ከጣለ የሚተካ ቀን ይሰጠናል» ብለው ያስባሉ፤ ሁለቱም ክፉ ሐሳብ የላቸውም። ጠብ ሲመጣ የሚፈርደው ግን የማንኛቸውም ግምት ሳይሆን እነሱ ያላነበቡት የሕግ አንቀጽ ነው። የጽሑፍ ውል የሚያስፈልገንም ለዚህ ነው፤ ሕጉ በዝምታችን ላይ የሚጽፈውን አስቀድመን እንድናየውና የማንስማማበትን እንድንለውጠው።

መነሻችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ይህ ሕግ ስለ ውል ሲናገር በመጀመሪያ አንድ ሰፊ በር ይከፍታል፦ ሕግ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ ይህ ቁጥር 1719 ነው። ስለዚህ በስልክ የተደረገው ስምምነትም ውል ነው። «እኛ እኮ ውል የለንም፤ የተነጋገርነው በቃል ነው» የሚለው አነጋገር በሕግ ፊት ትርጉም የለውም። ውሉ አለ፤ የጎደለው የውሉ ቃል ነው። ቁጥር 1731 ደግሞ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። እነዚህን ሁለት ድንጋጌዎች አንድ ላይ ስናያቸው የነገሩ ክብደት ይገለጣል፦ በሁለት ደቂቃ የስልክ ንግግር ሁለት ሰዎች በራሳቸው ላይ ሕግ አውጥተዋል፤ ከሕጉ የሚያውቁት ግን ሦስት መስመር ብቻ ነው። የቀረውን ማን እንደሞላውና በምን እንደሞላው አንድ በአንድ እንመልከት።

ከቀብድ እንጀምር፤ ሁላችንም የምናውቀው የሚመስለን እሱን ነው። በተለምዶ ቀብድ ማለት ቀን ማስያዣ ነው። ሕጉም ቃሉን ያውቀዋል፤ በቁጥር 1883 ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ከዚያ አልፎ ግን በቁጥር 1885 ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቅቆ ውሉን ማፍረስ እንደሚችል፣ የተቀበለው ወገን ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ መልሶ ማፍረስ እንደሚችል ይደነግጋል። በቁጥር እናስበው። ካሜራማኑ 20,000 ብር ቀብድ ተቀብሏል እንበል። በሠርጉ ሳምንት ድሮኑ ተበላሸ፣ ወይም ለዚያው ቀን የተሻለ ሥራ መጣለት። «ይቅርታ፣ ገንዘባችሁን እመልሳለሁ» ብሎ 20,000 ብር ቢልክ ዕዳውን የጨረሰ ይመስለዋል። ሕጉ የሚጠብቅበት ግን 40,000 ብር ነው። በሌላ በኩል ሠርጉ በሐዘን ምክንያት ቢተላለፍና ቤተሰቡ ውሉን ቢተወው፣ የሰጠውን ቀብድ የመጠየቅ መብቱ እንዳበቃ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ካሜራማኑ እምቢ ሲል ነው። ሕጉ እዚህ ላይ ጨካኝ አይደለም፤ «በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ» ብሎ በሩን ክፍት ትቷል። «የተከፈለው ገንዘብ ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ቀኑ ቢተላለፍ ለአዲሱ ቀን ይቆጠራል፤ ካሜራማኑ ቢሰርዝ የተቀበለውን ይመልሳል፣ ሌላ ባለ ድሮንም ያፈላልጋል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ይለውጠዋል። ያን ዓረፍተ ነገር የሚጽፍ ሰው ከሌለ ግን የእጥፍ ሕጉ ይጸናል።

ሁለተኛው ዝምታ ስለ አየሩና ስለ ፈቃዱ ነው። የድሮን ሥራ ከሌላው የካሜራ ሥራ የሚለየው ሰማዩ እንቢ ሊል ስለሚችል ነው። ለሠርግ የሚውሉት ትንንሽ ድሮኖች ብዙዎቹ አምራቾቻቸው የሚፈቅዱላቸው የነፋስ ፍጥነት በሰከንድ ከ10 እስከ 12 ሜትር ድረስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስለሚሳሳ ፕሮፔለሮቹ ለተመሳሳይ ሥራ የበለጠ መሽከርከር አለባቸው፤ ባትሪውም በሣጥኑ ላይ ከተጻፈለት ደቂቃ ቀድሞ ያልቃል። ዘመዶች ይህን አያዩትም። የሚያዩት ካሜራማኑ ድሮኑን ከቦርሳው አውጥቶ፣ ወደ ዛፎቹ ጫፍ ቀና ብሎ አይቶ፣ መልሶ ሲከተው ነው። ያኔ «ለድሮን ከፍለንህ እንዴት ትከለክለናለህ?» የሚል ንግግር ይነሣል።

ካሜራማኑ በዚህ ጊዜ «ከአቅም በላይ ሆነብኝ» ብሎ ይመልሳል፤ ሕጉም ይህን አባባል ያውቀዋል። ነገር ግን በቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደው ነገር ብቻ ነው። አስቀድሞ ሊታሰብ የሚችል ነገር፣ ሥራውን ከባድ ብቻ የሚያደርግ ነገር አይቆጠርም። ቁጥር 1793 ምሳሌ ሲሰጥ የመሬት መንቀጥቀጥን፣ መብረቅን፣ ጎርፍን፣ ጦርነትን፣ የባለሥልጣን ክልከላን ይጠቅሳል። በሐምሌ የሚዘንብ ዝናብ ወይም ከሰዓት በኋላ የሚነሣ ነፋስ ግን የትኛው ባለሙያ አላሰብኩትም ሊል ይችላል? የባለሥልጣን ክልከላም ቢሆን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ድንገተኛ ነው ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ነው። በአገራችን ድሮን ማስገባትና ማብረር የመንግሥት አካላትን ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በዚህ ሥራ ስማቸው ይነሣል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በከተማው ውስጥ ነው፤ በዙሪያውም የሠርግ አዳራሾች አሉ። ስለዚህ ፈቃድ ሳይጠየቅ «ድሮን አለኝ» ማለት ያልያዙትን ነገር መሸጥ ነው። ከዚህም የባሰ አለ፦ በቁጥር 1716 ግዴታው ሕገወጥ የሆነ ውል ውጤት የለውም። ያለ ፈቃድ ለማብረር የተዋዋለ ሰው ገንዘቡን ቢከለከል በዚያው ውል ከሶ የሚያገኝበት መንገድ ይጠብበታል። የፈቃዱ ጉዳይ መጀመሪያ ሊጻፍ የሚገባው ለዚህ ነው፦ ማን ይጠይቃል፣ እስከ መቼ፣ ከተከለከለስ ለድሮኑ የታሰበው ክፍያ ስንት ይቀነሳል።

ሦስተኛው ዝምታ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ስለሚወድቀው ነገር ነው። 900 ግራም የሚመዝን ድሮን ከ50 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ የአየሩን ግጭት ካልቆጠርን መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ትንሽ ቢያዘገየውም ከበታቹ ያለው የሰው ራስ ነው። እንዲህ ያለ አደጋ በሌላው ዓለም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ በሰልፍ ላይ አንድ ድሮን ከሕንፃ ጋር ተጋጭቶ ወድቆ አንዲት ሴት መታ፤ አብራሪው የአየር ላይ ፎቶግራፍ ድርጅት ባለቤት ሲሆን በ2017 የ30 ቀን እስራት ተፈረደበት። በዚያው በ2015 በታኅሣሥ ወር በጣሊያን ማዶና ዲ ካምፒሊዮ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ላይ ለቴሌቪዥን የሚቀርጽ ድሮን ከኦስትሪያዊው ሻምፒዮን ከማርሴል ሂርሸር ጀርባ ተከሰከሰ፤ ለጥቂት ሳተው። በዚያ ውድድር አብራሪው ከመወዳደሪያው መስመር ውጭ እንዲበር መመሪያ ተሰጥቶት ነበር፤ ድሮኑ ግን መስመሩ ላይ ነው የወደቀው። መመሪያ ብቻውን ሰውን እንደማያድን ይህ ያሳያል፤ መመሪያው ሲጣስ «አቁም» የሚል ሥልጣን ያለው ሰው፣ ጉዳቱንም የሚሸከም ሰው አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

የእኛ ሕግ በዚህ ላይ ምን ይላል? በቁጥር 2081 የማሽን ወይም የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መሣሪያው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መሣሪያውን ያንቀሳቀሰው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። በቁጥር 2086 ደግሞ ጥፋት አልሠራሁም፣ የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም ብሎ ማምለጥ አይቻልም። ሕጉ ሲጻፍ ድሮን አልነበረም፤ ነገር ግን አራት ሞተርና አራት ፕሮፔለር ያለው ነገር ማሽን አይደለም ብሎ መከራከር ከባድ ይመስለኛል። ስለዚህ የቀረበው ድምዳሜ ይህ ነው፦ የተመታው እንግዳ የካሜራማኑን ስሕተት ማስረዳት ሳያስፈልገው ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። «ሙሽራው ነው ከሰው በላይ አምጣው ያለኝ» ማለት ለእንግዳው መልስ አይሆንም። በቁጥር 1952 ውል በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ ስለሚሠራ ከሙሽሮቹ ጋር የተጻፈ «ኃላፊ አይደለሁም» የሚል ሐረግም እንግዳውን አያስገድደውም። ታዲያ ውሉ እዚህ ላይ ምን ይጠቅማል? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ «ከሰው በላይ አይበርም፤ መብረር አለመብረሩን የሚወስነው አብራሪው ብቻ ነው፤ የእሱ ቃል የመጨረሻ ነው» የሚል አንቀጽ አደጋው ከመድረሱ በፊት የዘመድን ግፊት ያቆመዋል። ሁለተኛ፣ ከሳሹ ካሣውን ከተቀበለ በኋላ ያ ወጪ በአብራሪው፣ በአዘጋጁና በኢንሹራንሱ መካከል እንዴት እንደሚከፈል ይወስናል። ድሮኑን ተከራይቶ የሚሠራ ሰውም ይህን ከአከራዩ ጋር መጻፍ አለበት፤ መሣሪያውን ለጥቅሙ የሚያንቀሳቅስ ሰው የኔ ንብረት አይደለም ብሎ ከኃላፊነት አያመልጥም።

አራተኛው ዝምታ ስለ ምስሉ ባለቤትነት ነው፤ ግምትና ሕግ ከሁሉ የሚራራቁት እዚህ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራውን ፈጣሪ «የሥራ አመንጪ» ይለዋል፤ በመርሕ ደረጃም የመጀመሪያው ባለመብት እሱ ነው። ነገር ግን አንቀጽ 21 ለተቀጠረና ለታዘዘ ሥራ የተለየ ድንጋጌ አለው፦ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር የታዘዘው ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት የሚሆነው ላዘዘው ሰው ነው። ካሜራማኑ በአንድ ሪል ስቴት ኩባንያ ታዝዞ አንድን ሰፈር ከላይ ቀረጸ እንበል። «ለአንድ ማስታወቂያ ነው» ተብሎ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ያው ምስል በቢልቦርድ ላይ፣ በሌላ ፕሮጀክት ብሮሹር ላይ፣ በባንክ ማስታወቂያ ላይ ቢታይ ካሜራማኑ ተዘረፍሁ ይላል። ስሜቱ ይገባኛል፤ ሕጉ ግን በዝምታው ምክንያት ከኩባንያው ጎን ነው። የሚቀርለት የሞራል መብቱ ነው፦ የሥራው አመንጪ ተብሎ መታወቅና ሥራው ክብሩን በሚነካ መልክ እንዳይለወጥ መቃወም። የኢኮኖሚው በር ግን በአንድ መስመር ጉድለት ተዘግቷል። «ምስሉ ለዚህ ፕሮጀክት ማስታወቂያ ለሁለት ዓመት ይውላል፤ ለሌላ ጥቅም ተጨማሪ ክፍያ ይከፈላል» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ሕጉ ራሱ «በውል ሌላ ነገር ካልተባለ» ብሎ የተወለት ቦታ ነበር።

ይህን ዝምታ ከውቅያኖስ ማዶ ያለው ሕግ በተቃራኒው ይሞላዋል። በዋሽንግተንና በዙሪያው ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ሠርግ የሚቀርጹ ወገኖቻችንም ብዙ ናቸው። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ተቀጣሪ ያልሆነ ባለሙያ የሠራው ሥራ፣ በተፈረመ ጽሑፍ ካልተላለፈ በቀር፣ የራሱ ነው። ይህ መርሕ የጸናው በዚያችው በዋሽንግተን ከተማ በተነሣ ክርክር ነው። ለቤት አልባዎች የሚቆም አንድ ድርጅት ጄምስ ኧርል ሪድ የተባለ ቀራጭ ሐውልት እንዲሠራለት አዘዘ፤ የተፈረመ ውል አልነበረም፤ ስለ ቅጂ መብትም አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም። ሐውልቱ አልቆ ድርጅቱ በየከተማው ሊያዞረው ሲል ቀራጩ አይሆንም አለ፤ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1989 ፍርድ ቤቱ ቀራጩ የድርጅቱ ተቀጣሪ እንዳልነበረ፣ ሥራውም የቅጥር ሥራ ተብሎ ለድርጅቱ ሊሰጥ እንደማይችል ወሰነ። አሁን አንድን ካሜራማን፣ አንድ ዓይነት ሙሽሮችንና አንድ ዓይነት የስልክ ንግግር እናስብ። ስልኩ የተደወለው በአዲስ አበባ ከሆነ ዝምታው ምስሉን ለሙሽሮቹ ይሰጣል፤ በአሌክሳንድሪያ ከሆነ ለካሜራማኑ። ዝምታ ገለልተኛ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

እዚያው ሳለን የፈቃዱንም ነገር እንመልከት፤ ክፍያ መኖሩ ሕጉን እንዴት እንደሚለውጠው ያሳያልና። በአሜሪካ ለመዝናኛ የሚበር ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን ምዝገባ አያስፈልገውም። በክፍያ ከሆነ ግን ክብደቱ ምንም ያህል ቢያንስ መመዝገብ አለበት፤ አብራሪውም እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ደንብ መሠረት ፈተና አልፎ የአብራሪነት ማረጋገጫ መያዝ አለበት። ከዚህ በላይ ደግሞ በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል፣ ማለትም ወደ 24 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማብረር የተከለከለ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ «የድሮን ቀረጻ ያካትታል» ብሎ ዋጋ የሚያስከፍል ካሜራማን ፈቃዱን ከሠርጉ ቀን በፊት በእጁ ካልያዘ፣ የሸጠው ነገር የለውም፤ የገዛው ቤተሰብም ይህን የመጠየቅ መብት አለው።

አምስተኛው ዝምታ በስልኩ ላይ ስላልነበሩ ሰዎች ነው። ድሮን ከአጥር በላይ ያያል። ከሙሽሮቹ ጋር የጎረቤት ግቢ፣ የተሰጣ ልብስ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጡ አዛውንት አብረው ይቀረጻሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በቁጥር 28 ለሕዝብ ጥቅም ላላቸው ሥነ ሥርዓቶችና በአደባባይ ለሆኑ ነገሮች ይህን ያላላዋል፤ ጃን ሜዳ ላይ የጥምቀትን ሕዝብ ከላይ መቅረጽ የአንድ ቤተሰብን ግቢ ከመቅረጽ የሚለየው ለዚህ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚሰበስቡትን ግዴታ ውስጥ አስገብቷል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለካሜራማኑ ግልጽ ነው፦ የቅጂ መብቱ በውል የእሱ ቢሆን እንኳ የሙሽራዋን ፊት ለራሱ ማስታወቂያ ለመለጠፍ የእሷ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሁለቱ መብቶች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን የያዘ ሌላውን ይዟል ማለት አይደለም። ፈቃዱም በውሉ ላይ ተለይቶ መጠየቅ አለበት፤ «አዎ» ወይም «አይሆንም» የሚል ምልክት ማድረጊያ ቦታ ይበቃዋል።

አሁን ለዚህ ክርክር የሚቀርቡትን ተቃውሞዎች ልመልስ። የመጀመሪያው ከልብ የሚወጣ ነው፦ እኛ በእምነት የምንኖር ሕዝብ ነን፤ ሠርግን ያህል የደስታ ነገር ላይ ወረቀት ማቅረብ አለመተማመንን ማሳየት ነው ይባላል። ይህን ተቃውሞ አከብረዋለሁ፤ ግን የገዛ ልማዳችንን የዘነጋ ይመስለኛል። የሠርጉ መሠረት ራሱ ምንድን ነው? አያቶቻችን ሰማንያ ሲፈራረሙ እማኝ አስቀምጠው፣ የየወገኑን ንብረት ቆጥረው ነበር፤ ማንም ሙሽሪትን አላመናችኋትም አላላቸውም። ዋስ፣ እማኝ፣ ሽማግሌ፣ ቀብድ የሚሉት ቃላት ሁሉ የእኛው ናቸው። ቃሉን በምስክር ማሰር የሚተማመኑ ሰዎች ልማድ ነበር፤ አሁን የተለወጠው ከሽማግሌው ጆሮ ጋር ወረቀትም መጨመሩ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ፍርድ ቤት ነው፦ ክስ ጊዜ ይበላል፣ ጠበቃ ገንዘብ ይበላል፤ ለ30,000 ብር ሥራ ማን ይከስሳል? እውነት ነው፤ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ጠቦች ፍርድ ቤት አይደርሱም። ግን የውሉ ዋና ሥራ ከፍርድ ቤት በፊት ያለው ነው። ሁለቱ ወገኖች በወረቀቱ ፊት ሲቀመጡ «ዝናብ ቢጥልስ?» የሚለው ጥያቄ ጠብ ሳይሆን ውይይት ሆኖ ይነሣል። ጠብ ከመጣ ደግሞ በሽማግሌ ፊት የሚነበብ ነገር አለ፤ ሽማግሌው ማን ምን እንዳለ ሲጠይቅ አይውልም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237 እንዲህ ያለውን መንገድ ሕጋዊ መልክ ሰጥቶታል፤ ስለዚህ «ያልተግባባንበትን በመጀመሪያ በሽምግልና እንፈታለን» የሚለው መስመር ተስፋ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ሥራው ትንሽ ነው የሚል ነው፤ ለግማሽ ቀን ቀረጻ አሥር ገጽ ውል ማን ይጽፋል? ማንም። አንድ ገጽ ይበቃል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ፣ በቴሌግራም የተላከ ግልጽ መልእክትና «ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ ከምንም ይሻላል። የቅጂ መብት ማስተላለፍን የመሰለ ሕጉ በጽሑፍ ይሁን የሚለው ጉዳይ ሲኖር ግን በሁለቱም ወገን የተፈረመበት፣ ሁለት ምስክሮችም ያሉበት ወረቀት ይመረጣል። «እኛ ትንሽ ሰዎች ነን፤ ትልቁ ደንበኛ የራሱን ውል ያመጣል» ለሚለውም መልሱ ያው ነው፤ ሁሉን ባይለውጡት እንኳ የአጠቃቀም ጊዜን፣ የነፋስና የፈቃድን ሁኔታ፣ የመሰረዝን ክፍያ የሚመለከቱትን ሦስት መስመሮች አንብቦ መጠየቅ ይቻላል።

ደንበኛውም ከዚህ ወረቀት የሚያገኘው ጥቅም ትልቅ ነው። የሠርጉ ቀን ሁሉ ከጣት ጥፍር ብዙም በማይበልጥ ሜሞሪ ካርድ ላይ ይቀመጣል። ካርዱ ቢጠፋ ወይም ሳይገለበጥ ቢጠረግ ሠርጉ አይደገምም፤ የጠፋው ስንት ያወጣል ብሎ ማስላትም ያስቸግራል። ለዚህ ነው ሕጉ በቁጥር 1889 ተዋዋዮቹ የጉዳቱን ልክ አስቀድመው እንዲቆርጡ የሚፈቅድላቸው። «ምስሉ በዚያው ሌሊት በሁለት ቦታ ይገለበጣል፤ በ60 ቀን ይሰጣል፤ ከጠፋ የተከፈለው ሁሉ ተመልሶ ይህን ያህል ይጨመራል» የሚል ቃል የሙሽራዋን እናት ወደ ካሜራማኑ በር ከመመላለስ ያድናታል፤ ካሜራማኑንም መጨረሻ ከሌለው ወቀሳ ያድነዋል።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል። ለድሮን ሥራ ይህ ምሳሌ አንድ ነገር ይጨመርበታል፦ በቃል የቀረው ተረስቶ ብቻ አይቀርም፤ ሌላ እጅ ይጽፈዋል። ቀብዱን በእጥፍ፣ ነፋሱን በአብራሪው ላይ፣ የወደቀውን በባለቤቱ ላይ፣ ምስሉን አንዴ ለአዛዡ አንዴ ለቀራጩ እያደረገ ይጽፈዋል። ስለዚህ ሚዜው ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት፣ ካሜራማኑም «አለኝ» ካለ በኋላ፣ አምስት ጥያቄዎች ይቀራሉ፦ ፈቃዱን ማን ያወጣል? ባይበርስ ምን እናደርጋለን? ቢወድቅ ማን ይሸከማል? ምስሉ የማን ነው፣ ለምንስ ይውላል? ማን በየት ሊያሳየው ይችላል? መልሶቹ አንድ ገጽ አይሞሉም። ያ ገጽ ሁለቱ በገዛ እጃቸው የጻፉት ሕግ ይሆናል፤ ጠብ ቢመጣም የሚዳኙት በእሱ ነው።